ቦርሳዬ ውስጥ አስራ አንድ ቀን የተቀመጠው ደብዳቤ

ደብዳቤው የተሰጠኝ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሴፕቴምበር 26፣ 2024። አንድ ገጽ ነው። ከላይ ስሜ፣ መሃል ላይ «ኦክቶበር 31» የሚል ቀን፣ ከታች ሁለት ፊርማ። የሠራተኛ አስተዳደሯ (የኤች አር) ሴትዮ ውሃ ቀድታ አቀረበችልኝ። አልጠጣሁትም። ደብዳቤውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ላብራቶሪው ተመለስኩ። የጀመርኩትን ልኬት ጨረስኩ። ግማሽ ላይ ትቼው መውጣት አልሆነልኝም።

ሥራዬ የጥራት ቁጥጥር ነበር። ከሽቱትጋርት ብዙም በማይርቅ ከተማ፣ ለመኪና አምራቾች የብረት ክፍሎች የሚሠራ ፋብሪካ ነው። ማስተርሴን እዚሁ ጀርመን ተምሬ፣ በሴፕቴምበር 2022 ብሉ ካርድ (ለተማረ የውጭ ሠራተኛ የሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ) አውጥቼ ገባሁ። ትዕዛዝ እየቀነሰ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። መጀመሪያ የማታው ፈረቃ ተዘጋ። ቀጥሎ በኤጀንሲ በኩል የመጡት ሠራተኞች ሄዱ። ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ።

ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ከስንብት በኋላ ስለሚጠየቀው የሥራ አጥነት አበል ነው። በተለይ እንደኔ በሰው አገር ለምትኖሩ፣ ቢሮክራሲው ለሚያስፈራችሁ፣ «ገንዘብ ስጡኝ» ብሎ መጠየቅ ለሚያሳፍራችሁ። እኔ በማፈሬ ከስሬያለሁ። እናንተ እንዳትከስሩ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ ግን ስለ ሌላኛው ወረቀት ልንገራችሁ።

ከስንብት ደብዳቤው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ኤች አር ጠርተውኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ገጽ ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀምጧል። ወረቀቱ «አውፍሄቡንግስፈርትራግ» ይባላል፤ ውሉን በስምምነት ማቋረጥ ማለት ነው። የሁለት ወር ደሞዝ ይሰጡኛል፣ እኔ ደግሞ ተስማምቼ እንደወጣሁ እፈርማለሁ። ሴትዮዋ ፊቷ ደግ ነው። «ለሲቪሽም ከመባረር ይሻላል» አለችኝ። ሁለት ወር ደሞዝ ባንዴ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ወደ እስክሪብቶው ሄዶ ነበር።

ያዳነችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ቤት ወስጄ ላንብበው» አልኩ። ማንም እንዲህ እንዳትሉ ሊከለክላችሁ አይችልም። በማንኛውም ቋንቋ፣ በየትኛውም አገር ብትሆኑ ይህቺን ዓረፍተ ነገር አጥኗት።

አጠገቤ ያለው ማሽን ላይ የሚሠራ የቱርክ ተወላጅ ባልደረባ ነበረኝ። እዚያ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፤ የኢ ጌ ሜታል ሠራተኞች ማኅበር አባል ነው። ወረቀቱን ሳሳየው መነጽሩን እንኳ አላደረገም። «ይሄን ከፈረምሽ ለሦስት ወር ምንም አታገኚም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራውን ራሳችሁ ከለቀቃችሁ፣ ወይም ለመልቀቅ ተስማምታችሁ ከፈረማችሁ፣ አርባይትስአምት፣ አበሉን የሚከፍለው የጀርመን የሥራ ቢሮ፣ ሥራ ያጣችሁት በራሳችሁ እጅ ነው ብሎ ይነሳል። ስለዚህ 12 ሳምንት አበል አይከፍልም። ይህ የቅጣት ጊዜ «ሽፐርጻይት» ይባላል። እነዚያ 12 ሳምንታት ደግሞ ወደ ኋላ የተገፉ ብቻ አይደሉም። ከጠቅላላው የአበል ዘመናችሁ ላይ ቢያንስ አንድ አራተኛው ይቆረጣል። የእኔ መብት 12 ወር ነበር፤ አንድ አራተኛው ሦስት ወር ነው። ሁለት ወር ሰጥተው ሦስት ወር ያስቀሩብኝ ነበር። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ሽፐርጻይቱ ሊቀርለት ይችላል፤ ምክንያቱን የማስረዳት ሸክሙ ግን የፈራሚው ነው።

ይኸው ሰውዬ ሌላም ነገር ነገረኝ። ስንብት በወረቀት፣ በእጅ ፊርማ መሆን አለበት። በኢሜይል ወይም በዋትስአፕ የተላከ ስንብት በጀርመን ሕግ ስንብት አይደለም። ደብዳቤው እጃችሁ ከገባ በኋላ ደግሞ በሠራተኛ ፍርድ ቤት ለመክሰስ ያላችሁ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። እኔ በኋላ ጠበቃ አማክሬ ነበር። ክፍሉ እንዳለ ስለተዘጋ ብዙም አያስኬድም አለኝና ተውኩት። የእናንተ ጉዳይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ሳምንት ግን ማንንም አይጠብቅም።

አልፈረምኩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የስንብት ደብዳቤው መጣ። እስከዚህ ድረስ ነገሩን በደንብ ይዤው ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ተነስቼ ሥራ እሄዳለሁ። እናቴ ስትደውል «ሥራ እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ «ደህና ነው እማዬ» እላታለሁ። ማታ ማታ ስልኬ ላይ የሥራ ማስታወቂያ አገላብጣለሁ። አርባይትስአምት መሄድ ግን እግሬ እምቢ አለ። በእኔ አእምሮ ያ ቤት ሌላ ምንም የሌለው ሰው የሚሰለፍበት ነበር። ለአራት ዓመት ለቤተሰብ ገንዘብ የላክሁ ሰው ነኝ። አሁን ተሰልፌ ልጠይቅ? ደግሞም እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ደሞዝ አለኝ፤ ገና ሥራ አጥ አልሆንኩም፤ ምን ያስቸኩለኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6፣ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ፊቴን አይቶ ያዘኝ። ጋሼ እዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ሁለት ፋብሪካ ሲዘጋ አይቷል። ነገርኩት።

«አርባይትስአምት ሄድሽ?» አለኝ።

«ገና ነኝ ጋሼ። ኖቬምበር ሲገባ እሄዳለሁ። እሱም ከሄድኩ ነው።»

«ከሄድኩ ማለት?»

«መለመን ይከብደኛል።»

ቆጣ አለ። «አንቺ ልጅ፣ የዕድር ብርሽን በየወሩ ስትከፍዪ ኖረሽ፣ ሐዘን ሲደርስብሽ ድንኳኑን አልፈልግም ትያለሽ? የደሞዝ ወረቀትሽን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ማታ ቤት ገብቼ የደሞዝ ወረቀቴን አወጣሁ። ለሁለት ዓመት በየወሩ ሲደርሰኝ ከታች ያለችውን የተጣራ ቁጥር አይቼ ነበር የምዘጋው። አሁን መስመር በመስመር አነበብኩት። ግብር። የጤና መድን። ጡረታ። ከዚያ በሁለት ፊደል ብቻ የተጻፈች መስመር፣ «አ ፋው»፤ አርባይትስሎዘንፈርዚሸሩንግ፣ የሥራ አጥነት መድን ማለት ነው። 52 ዩሮ። ደሞዜ ሳይቆረጥ 4,000 ዩሮ ነበር። መዋጮው 2.6 በመቶ ነው፤ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አሠሪው እንከፍላለን። 1.3 በመቶ፣ 52 ዩሮ። በየወሩ። አሠሪው በእኔ ስም ሌላ 52። ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ።

የተቀበለችኝ ሴትዮ በዕድሜ ገፋ ያለች ናት። ፓስፖርቴን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ የስንብት ደብዳቤውን ሰጠኋት። ደብዳቤውን አነበበችና ወረቀቱን ወደኔ አዙራ ጣቷን የመጨረሻው አንቀጽ ላይ አሳረፈች። ሁለት መስመር ነው። ስንብቱን ካወቁ በሦስት ቀን ውስጥ አርባይትስአምት ሥራ ፈላጊ ሆነው መመዝገብ አለብዎት፤ አለበለዚያ አበልዎ ይቀንሳል ይላል። ስሜንና ቀኑን አይቼ ነበር ያጠፍኩት። መልሱ አስራ አንድ ቀን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ለካ ምዝገባው ሁለት ነው። ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያው «ሥራ ፈላጊ ነኝ» ብሎ መመዝገብ ነው። ውሉ ከማለቁ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት መደረግ አለበት። ማብቂያውን ያወቃችሁት ከዚያ ወዲህ ከሆነ ደግሞ ባወቃችሁ በሦስት ቀን ውስጥ። ይሄኛው በስልክም በኢንተርኔትም ይቻላል። ደሞዝ እየተከፈላችሁ፣ ሥራ እየገባችሁ ነው የምትመዘገቡት። የጊዜ ገደብ ያለው ውል ላይ ላላችሁም ይሠራል። ማንም ባያሰናብታችሁም ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ቆጥራችሁ ሦስት ወር ቀድሞ መመዝገብ የእናንተ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው «ሥራ አጥ ሆኛለሁ» ብሎ መመዝገብ ነው። በአካል ቀርባችሁ ወይም በኤሌክትሮኒክ መታወቂያ በኦንላይን ይደረጋል። ቢዘገይ ቢዘገይ ሥራ አጥ በሆናችሁበት የመጀመሪያ ቀን። አበሉ ወደ ኋላ አይቆጠርም፤ ሳትመዘገቡ ያለፈው ቀን አለፈ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችን ይህ የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ አለው። ፒኑ የመጣበትን ደብዳቤ አትጣሉት።

የእኔ የመጀመሪያ የሥራ አጥነት ቀን ኖቬምበር 1 ነበር። እዚህ ባደን ቩርተምበርግ ኖቬምበር 1 በዓል ነው፤ ቢሮ ዝግ ነው። ሴትዮዋ «ሁለቱንም ዛሬውኑ ጨርሺ» አለችኝ። ሥራ አጥነቱ ከመምጣቱ እስከ ሦስት ወር ቀድሞ መመዝገብ ይፈቀዳል። ጨረስኩ።

በሦስቱ ቀን ላለመመዝገቤ የአንድ ሳምንት ሽፐርጻይት ተጣለብኝ። ከመጣሉ በፊት ለምን እንደዘገየሁ የሚጠይቅ ቅጽ ልከውልኝ ነበር። እውነቱን ጻፍኩ። አላወቅኩም ነበር ማለት ግን አያድንም፤ ደብዳቤዬ ላይ ተጽፏልና። የአንድ ሳምንት አበል ለእኔ ወደ 370 ዩሮ ነበር። ዕፍረቴ የበላብኝ ገንዘብ ነው።

ስወጣ «ይቅርታ፣ እንዲህ አይነት እርዳታ ጠይቄ አላውቅም» አልኳት ሴትዮዋን። ቀና ብላ አየችኝና «እርዳታ አይደለም፤ ከፍለሽበታል» አለችኝ። ከሷ በፊት ጋሼ ነግሮኛል። ከሷ አፍ ስሰማው ግን ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደ።

ማን ያገኛል የሚለው ጥያቄ ብዙ ሐበሻ ላይ ግራ መጋባት ያመጣል። መሠረቱ ይሄ ነው፤ ባለፉት 30 ወራት ውስጥ ቢያንስ 12 ወር የሥራ አጥነት መድን የከፈለ ሰው መብት አለው። ዜግነት አይጠየቅበትም። 12 ወር የከፈለ ስድስት ወር ያገኛል፣ 16 ወር የከፈለ ስምንት፣ 20 ወር የከፈለ አስር፣ 24 ወር የከፈለ አስራ ሁለት። ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑና ብዙ ለከፈሉ ከዚህም ይረዝማል፤ እስከ 24 ወር ይደርሳል።

ችግሩ «ሠርቻለሁ» እና «ከፍያለሁ» አንድ አለመሆናቸው ነው። አንድ የማውቀው ልጅ በተማሪነቱ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ በሳምንት ሃያ ሰዓት፣ ቬርክሽቱደንት ሆኖ። ከተመረቀ በኋላ ሙሉ ሰዓት ስምንት ወር ሠርቶ ተሰናበተ። እሱ ሲቆጥረው ወደ ሦስት ዓመት ሥራ ነው። ሲጠይቅ ግን የሚቆጠርለት ስምንቱ ወር ብቻ ሆነ። ቬርክሽቱደንት ጡረታ ይከፍላል እንጂ የሥራ አጥነት መድን አይከፍልም። ሚኒጆብ የሚባለው አነስተኛ ክፍያ ያለው ሥራም እንደዚሁ ነው። በጣም አዘንኩለት። አራት ወር ነበር የጎደለው። የደሞዝ ወረቀታችሁ ላይ ያቺ መስመር ባዶ ከሆነች ያ ወር አይቆጠርም።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልምጣ። የመኖሪያ ፈቃድ።

እኛ ሥራ ስናጣ ከደሞዙ ጋር እዚህ የመቆየታችን ጉዳይ አብሮ ይነቃነቃል። ጀርመኑ ባልደረባዬ ስለ ቤት ዕዳው ሲያስብ እኔ ስለ ካርዴ ነበር የማስበው። አበሉን ብጠይቅ «የመንግሥት ሸክም ሆናለች» ብለው ካርዴን ቢነጥቁኝስ? ይህን ፍርሃት ስንቱ ሐበሻ ይዞት ቤቱ እንደተቀመጠ አላውቅም። እኔም አንዷ ነበርኩ።

ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። በመዋጮ የተመሠረተ ክፍያ ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ እንደ መንግሥት ድጎማ አይቆጠርም። አርባይትስአምት የሚሰጠው አበል መዋጮ ነው። ጆብሴንተር የሚሰጠው፣ በእኔ ጊዜ ቡርገርጌልድ ይባል የነበረው ገንዘብ ግን ከግብር የሚከፈል ነው፤ እሱ በፈቃድ ዕድሳት ላይ ሊያስጠይቅ ይችላል። ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። እኛ ግን በወሬ ላይ አንድ እናደርጋቸዋለን። «እገሌ ከመንግሥት ገንዘብ ወስዶ ፈቃዱ ተበላሸበት» ሲባል የትኛውን ገንዘብ እንደወሰደ የሚጠይቅ የለም። ወሬውን ሰምቶ መዋጮውን የሚተው ግን አለ። ይሄ ያናድደኛል።

በሌላ በኩል አንድ ግዴታ አለብን። እንደ ብሉ ካርድ ባሉ የሠለጠነ ሠራተኛ ፈቃዶች የምንኖር ሰዎች ሥራው ከጊዜው በፊት ማብቃቱን ባወቅን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጭ ዜጎች ቢሮ ማሳወቅ አለብን። አሠሪውም በራሱ በኩል ያሳውቃል፤ እኔ ዝም ብል የሚደበቅ ነገር አይደለም። ማክሰኞ፣ በአስራ ሁለተኛው ቀን፣ አጭር ኢሜይል ጻፍኩ፤ ሥራዬ ኦክቶበር 31 ያበቃል፣ የአበል መብት አለኝ፣ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ለዚያ ቀን ማረጋገጫ እንዲሆነኝ ኢሜይሉን አትሜ አስቀመጥኩት። ቢሮው ፈቃዱን የማሳጠር ሥልጣን አለው። ለእኔ ሥራ የምፈልግበት ጊዜ ሰጡኝ።

እዚህ ላይ የሚቆጨኝን ልናገር። ብሉ ካርድ ያለው ሰው የቢ አንድ ደረጃ ጀርመንኛ ካለው ከ21 ወር ሥራ በኋላ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ከዚያ ዝቅ ባለው በኤ አንድ ደግሞ ከ27 ወር በኋላ። የቢ አንድ ሰርተፊኬቴ ከ2023 ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ነበር። 21 ወሩ የሞላኝ በ2024 የጀርመን በጋ ነው። «ከእረፍት ስመለስ አመለክታለሁ» አልኩ። ስመለስ ሥራ በዛ። ቋሚ ፈቃዱን ይዤ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሌሊት ይቀርልኝ ነበር። ሥራችሁ ሰላም ሳለ፣ ደሞዝ እየገባ ሳለ፣ ወሩ የሞላላችሁ ዛሬ አመልክቱ።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። አበሉ ልጅ ለሌለው ከተጣራ ደሞዝ ወደ 60 በመቶ፣ ልጅ ላለው 67 በመቶ ነው። የተጣራው ቁጥር በእነሱ ቀመር ስለሚሰላ ከደሞዝ ወረቀታችሁ ትንሽ ሊለይ ይችላል። ለእኔ በወር 1,580 ዩሮ ገደማ መጣ። ኪራዬ 640 ነበር። ጠበብ ያለ ኑሮ ነው፤ ይኖራል። የጤና መድኑንና የጡረታ መዋጮውንም በዚያ ጊዜ አርባይትስአምት ይከፍላል። ጥርሴን በዲሴምበር ሳሳክም ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ነገር ግን ክፍያው የሚመጣው በወሩ ማለቂያ ላይ ነው። የኖቬምበር አበል ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ለእኔ ደግሞ ከዚያም ዘገየ። አሠሪው ምን ያህል እንደሠራሁና ምን እንደተከፈለኝ የሚገልጽ ማስረጃ ለአርባይትስአምት በኤሌክትሮኒክ መላክ ነበረበት። አልላከም። ደወልኩ፣ «በሂደት ላይ ነው» አሉኝ። በሳምንቱ ደወልኩ፣ ኃላፊዋ እረፍት ላይ ናት አሉኝ። የደወልኩት የትም አይመዘገብም። ስለዚህ መጻፍ ጀመርኩ። ቀን ቆርጬ፣ እስከዚህ ቀን ይላክ ብዬ። ለአርባይትስአምትም ቅድመ ክፍያ ስጡኝ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ «ፎርሹስ» ይባላል። መብት መኖሩ ግልጽ ሆኖ ስሌቱ ብቻ ሲዘገይ መጠየቅ ይቻላል። በዚያ ነው ኪራይ የከፈልኩት። የአንድ ወር ወጪ ሁልጊዜ ጠብ ሳትል ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር። ያልተወሰደ የዓመት እረፍት በገንዘብ ከተሰጣችሁ፣ ለነዚያ ቀናት አበሉ አይከፈልም። እኔ የቀሩኝን ስምንት ቀናት ኦክቶበር ውስጥ ወስጄ ጨረስኩ። ውሳኔው በደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱን ቁጥር ከደሞዝ ወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። የማትስማሙበት ነገር ካለ በአንድ ወር ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። ገንዘብ አይጠየቅበትም።

በጥር የወንድሜ ሰርግ ነበር። ቲኬቱን የቆረጥኩት በዚያው በጀርመን በጋ ነው፣ ሥራ ላይ ሳለሁ። አበል የሚወስድ ሰው ግን ሥራ ቢገኝለት ወዲያው መግባት የሚችል መሆን አለበት። ከከተማ ርቆ ለመሄድ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። በዓመት እስከ ሦስት ሳምንት አበሉ ሳይቋረጥ መሄድ ይቻላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ግን የሚፈቅዱት ለየት ያለ ምክንያት ሲኖር ነው። አንድ ጓደኛዬ «ዝም ብለሽ ሂጂ፣ ማን ያይሻል?» አለኝ። ለወዳጅነቱ አመሰግነዋለሁ፤ ምክሩን ግን አልወሰድኩም። ድንገት ለቴርሚን (ለቀጠሮ) ቢጠሩኝ አልገኝም። የተከፈለኝን መልሺ ይሉኛል። ከሁሉ በላይ ፈቃዴ ገና በውጭ ዜጎች ቢሮ እጅ ያለ ሰው ነኝ። የሰርጉን ጥሪ ካርድ ተርጉሜ ከቲኬቱ ጋር ላክሁ። ለሁለት ሳምንት ፈቀዱልኝ። ሄድኩ፣ ሳልሸማቀቅ ጨፈርኩ።

ሬስቶራንት ውስጥ በእጅ እየተከፈለሽ ሥሪ ያለኝም ነበር። መሥራት ክልክል አይደለም። በሳምንት ከ15 ሰዓት በታች ከሆነና ካሳወቃችሁ፣ በወር እስከ 165 ዩሮ ድረስ ከአበሉ ላይ ምንም አይቀነስም። ሳያሳውቁ መሥራት ነው ወንጀሉ።

ዱባይ የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ይህን ሁሉ ስነግራት «እኛ ጋስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለ። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ኤምሬትስ ውስጥ የሥራ አጥነት መድን ግዴታ ሆኗል፤ መሠረታዊ ደሞዙ እስከ 16,000 ድርሃም ለሆነ ሠራተኛ በወር 5 ድርሃም ነው። 12 ወር የከፈለና ሥራውን ያለ ጥፋቱ ያጣ ሰው የመሠረታዊ ደሞዙን 60 በመቶ እስከ ሦስት ወር ያገኛል። ሥራው ካበቃ በ30 ቀን ውስጥ መጠየቅ አለበት። ሆቴል፣ ሱቅ፣ ጽዳት ድርጅት የምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይሄ እናንተን ይመለከታል። የአክስቴ ልጅ ግን ሰው ቤት ነው የምትሠራው። የቤት ሠራተኞች ከመድኑ ውጭ ናቸው። ይህን ስነግራት ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ ስለ ሰርጉ ጠየቀችኝ። እስካሁን ያ ዝምታ ከጆሮዬ አልወጣም። ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ነበሩ።

ማርች ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ከቤቴ አርባ ደቂቃ በባቡር፣ የሕክምና መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት ነው። ኤፕሪል 1፣ 2025 ጀመርኩ። ውሉን በፈረምኩ ዕለት ለሁለቱም ቢሮዎች ጻፍኩ። ለአርባይትስአምት፣ ከኤፕሪል ጀምሮ አበል እንዳይከፍሉኝ። ለውጭ ዜጎች ቢሮ ደግሞ አዲሱን ውል አያይዤ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አበሉ መቆሙን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ይህንን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ሳነብ ቆሜ ነበር፣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። የእኔ 12 ወር በእነሱ አቆጣጠር 360 ቀን ነው። ሰባቱ በሽፐርጻይቱ ሄደዋል። 143ቱ ተከፍሎኛል። 210 ቀን ቀርቷል። የቀረው ቀን አይጠፋም። መብቱ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ እስከ አራት ዓመት ድረስ፣ መልሼ ሥራ ባጣ፣ ልጠቀምበት እችላለሁ።

ደብዳቤውን ከስንብቱ ወረቀት ጋር በአንድ ማኅደር አስገባሁት። ማኅደሩ ውስጥ የቢ አንድ ሰርተፊኬቴም አለ። ለቋሚ ፈቃዱ የማመልከቻ ቅጹን በዚያው ሳምንት ሞልቼ ላክሁ።